ሳልቡታሞል ብቻ ማዘዝን እንዴት ላስተዋቸው?

ጠያቂ፦ ለክሊኒካችን ነርሶችና ሐኪሞች ስለ አስም በድጋሚ እንዳሠለጥን ታዝዣለሁ። ባለፈው 40 ስላይድ አቀረብኩ፤ በማግስቱ ያው ሳልቡታሞል (ቶሎ የሚያስታግሰው የአስም መድኃኒት) ብቻ ሲታዘዝ አየሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ስላይዱን ተወው። ባዶ ኢንሄለር (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት መንፊያ) አስይዛቸውና «አሳዩኝ» በላቸው። እኔ ዓመታት ታካሚ ሳስተምር ኖሬ፣ ሳልነቀንቀው እንደምጫን የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት፤ ላብ አጠመቀኝ። መነቅነቅ፣ አየር ማስወጣት፣ ቀስ ብሎ እየሳቡ መጫን፣ ትንፋሽን እስከ 10 ሰከንድ መያዝ። አብዛኛው ሰው የመጨረሻው ላይ ይቸኩላል።

መልስ 2፦ ምክንያቱንም ንገራቸው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል እንጂ የአየር ቧንቧውን ብግነት አያክምም። ጂና (GINA፣ ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪው አካል) ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ብግነቱን የሚያክም፣ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ እንዲታዘዝ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ ስፔሰር (በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ) ግን የለንም።

መልስ 1፦ የ500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በኢንሄለሩ አፍ ልክ ብሳው። ሥልጠናው ላይ ሁሉም የራሱን ይሥራ።