ለሚያድግ ድርጅት ቦርድ ላይ ማንን እናስገባ? ዘመድ፣ ትልቅ ስም ወይስ ባለሙያ?

ባልትናው፦
ሰላም የቤቱ ልጆች። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የባልትና ፋብሪካ አለን፣ ሽሮ በርበሬ ምናምን እያሸግን ለሱፐርማርኬት እናስረክባለን፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ መላክ ጀምረናል። እስከዛሬ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ነበርን፣ ውሳኔው ሁሉ ማታ ቡና ላይ ነው የሚያልቀው። አሁን ብር የሚያስገቡ ሰዎች ስለመጡ ወደ አክሲዮን ማህበር እየተቀየርን ነው፣ ስለዚህ ቦርድ መምረጥ ግድ ሆነ። አንዱ ጓደኛዬ አጎቴ ይግባ ይላል (ስንጀምር ብር ያበደረን እሱ ነው፣ ውለታው አለብን)፣ ሌላው ደግሞ አንድ የቀድሞ ባለስልጣን አግኝቻለሁ ስማቸው ብቻ በር ይከፍታል ነው የሚለው። ለኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም ግን ምን ብዬ እንደምከራከራቸው ግራ ገባኝ። ደሞ አክሲዮን የሌለው የውጭ ሰው ማስገባት ይቻላል እንዴ?

ወንበሩ፦
ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ይቻላል። በድሮው የ1952 ንግድ ሕግ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰው ቦርድ አይገባም ነበር፣ አዲሱ አዋጅ 1243/2013 ግን ፈቅዷል፣ ከቦርዱ አንድ ሦስተኛ እስካልበለጡ ድረስ። ቢያንስ 3 አባል ያስፈልጋችኋል። ደሞ የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው እንጂ እናንተ ሦስታችሁ አይደላችሁም፣ ስለዚህ ለአጎትየው ካሁኑ ቃል እንዳትገቡ። ለእጩዎቹ ደግሞ ግዴታቸውን ሳይወጡ ቀርተው ድርጅቱ ቢጎዳ በግላቸው እንደሚጠየቁ ንገሯቸው፣ ይቺን ሲሰሙ ግማሾቹ ራሳቸው ይቀራሉ ሃሃ።

ቃለጉባኤ፦
አንድ አክሲዮን ማህበር ውስጥ የቦርድ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ስሙ ይቅር። ትልቅ ስም ያላቸው ሰውዬ የሚመጡት ለፎቶ ነበር ማለት ይቻላል፣ ቀድመን የላክንላቸውን ሰነድ እዛው ስብሰባ ላይ ነው ከፖስታው የሚያወጡት፣ ከዛ ግማሹ ሰዓት በአበልና በመኪና ያልቃል። ድርጅቱን የጠቀመችው ማንም የማያውቃት ጡረታ የወጣች የፋብሪካ ፋይናንስ ኃላፊ ናት። አንድ ቀን ሪፖርቱን ገለጥ አድርጋ "ይሄ ተሰብሳቢ ሂሳብ ለምንድነው ከሽያጩ በላይ የሚያድገው?" አለች። ቤቱ ጸጥ። ለካ ሽያጭ አደገ ተብሎ የሚጨበጨብለት ብዙው ገና ያልተከፈለ ዱቤ ነው። አንተም ለሱፐርማርኬት ነው የምታስረክበው አይደል? አንድ እንደሷ ያለ ሰው የግድ ያስፈልግሃል።
ሁለተኛ ሰው፣ ወደ ውጭ እንልካለን ካላችሁ የምግብ ደህንነት የሚያውቅ ፈልጉ። በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል ጣጣ አለ፣ በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታው የሚፈጥረው መርዝ ነው፣ የአውሮፓ ህብረት በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘበት አያስገባም። ይሄንን የቀድሞ ባለስልጣን ስልክ ደውሎ አያስተካክለውም።

ከዲሲ፦
ስም በር ይከፍታል ለሚለው ጓደኛህ የቴራኖስን ታሪክ ንገረው። በጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እንሰራለን ያለ የአሜሪካ ካምፓኒ ነበር፣ ቦርዱ ላይ ጆርጅ ሹልትዝ፣ ሄንሪ ኪሲንጀር፣ ጄኔራል ጂም ማቲስ ተቀምጠው ነበር እኮ! የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰዎች ከዛም ጄኔራል፣ ማሽኑ በትክክል ይሰራል ወይ ብሎ የሚያፋጥጥ የላብራቶሪ ሰው ግን የለም። መስራቿ ኤልዛቤት ሆምስ ኢንቨስተሮችን በማጭበርበር በጃንዋሪ 2022 ጥፋተኛ ተባለች። ስሞቹማ ብሩን አምጥተው ነበር፣ እሱን አልክድም።

ታዛቢ፦
ሁላችሁም የምትሉት ወረቀት ላይ ያምራል ግን እዚህ አገር ሰው የሚያውቅ ሰው አያስፈልግም ልትሉኝ ነው? ፈቃድ ጉምሩክ ባንክ ሁሉም ጋ እኮ ትመላለሳለህ። ባለስልጣኑን አማካሪ አድርጋችሁ በኮንትራት ያዙት፣ ካልሰራ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ድምጽ ግን አትስጡት። አጎትየውንም አትናቁት፣ የራሱን ብር ያወጣ ሰው ከማንም በላይ ይጠይቃል። ብድሩን በአክሲዮን ቀይሩለትና ባለአክሲዮን ይሁን፣ ጉባኤው ከመረጠው ገባ ካልመረጠው ውለታው ተከፍሏል።

ባልትናው፦
እናመሰግናለን ወገን፣ በተለይ የተሰብሳቢው ነገር እኛ ቤት ራሱ እንዳለ ነው ቁርጥ። የታዛቢን ሃሳብ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ። ግን የፋይናንስ ሰው ነኝ የሚል ሞልቷል፣ ጠያቂ መሆኑን ሳይመረጥ በፊት በምን አውቃለሁ?

ቃለጉባኤ፦
ሲቪውን ተወው። ሚስጥር መጠበቂያ አስፈርመህ የባለፈውን ዓመት ኦዲት ሪፖርት ስጠውና በሳምንቱ ቡና ጋብዘው፣ ጓደኞችህም ይኑሩ። "በርቱ ጥሩ ነው" ካለህ የቡናውን ከፍለህ ተሰናበተው፣ ሦስታችሁንም የሚያናድድ ጥያቄ ይዞ ከመጣ ግን እንዳይሄድባችሁ።