ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ይበቃኛል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ዴስክቶፔ ላይ አርቲኤክስ 3060 የሚባለውን ግራፊክስ ካርድ ካስገባሁ ወዲህ ከባድ ጌም ስከፍት ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ቪዲዮ ሳይ ወይም ስጽፍ ግን ምንም አይሆንም። ሙቀቱን አይቻለሁ፣ ከ70 ዲግሪ አያልፍም።

ስለዚህ የጠረጠርኩት ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ነው። የኬዙን ጎን ከፍቼ የተለጠፈበትን አነበብኩ። በትልቁ 450 ዋት ይላል። ከስር በደቃቁ ግን ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚስቡበት የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፒር ብቻ ነው። ሲባዛ 300 ዋት! ካርዱ ብቻውን 170 ይፈልጋል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600 ነው፣ ባለ 65 ዋት።

ለካርዱ የሚመከረው 550 ዋት ነው። እሱን ልግዛ ወይስ 650? ወደፊት ካርድ መቀየሬ አይቀርም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድ ስላልነበረው ከሃርድ ዲስክ መስመር በአዳፕተር ነው ያገናኘሁት። ትናንት ስነካው ይፋጃል፣ ነጩ ፕላስቲክም ጫፉ ላይ ቢጫ ሆኗል። አዲሱ እስኪገዛ የድሮውን ካርድ ልመልስ?

ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚለጠፈው 80 ፕላስ ጎልድ የሚለው ምልክት ኃይል አለማባከኑን ነው የሚናገረው። ታዲያ የውስጡን ጥራት በምን ልለየው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።