በሬው ከስሶ አያውቅም

የአርሊንግተን ልጅ፦
ትናንት ቡና ላይ አንድ ታላቃችን ስለ አሜሪካዋ የእግር ኳስ ተጫዋች ስለ ቤኪ ሳወርብራን የተናገሩት እስከ አሁን ይቆጠቁጠኛል። ልጅቷ በ2024 መጨረሻ ጫማዋን ሰቀለች (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኒህ ሰው ታዲያ ምን አሉ? «219 ጊዜ ለአሜሪካ ተሰልፋ አንድ ግብ ያላገባች፣ ገንዘቡንም በእግሯ ሳይሆን በፍርድ ቤት ያገኘች አምበል።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የመሀል ተከላካይ እኮ ናት! ዘበኛን «ስንት ቤት ሰብረህ ገባህ?» ተብሎ ይጠየቃል? በ2015 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ካናዳ ላይ ሰባቱንም ጨዋታ አንዲት ደቂቃ ሳትወጣ ተጫወተች። በውድድሩ ሁሉ የገባባቸው ሦስት ግብ ብቻ ነው፤ ከአውስትራሊያው ጨዋታ አንሥቶ እስከ ፍጻሜው 540 ደቂቃ መረባቸው አልተነካም። በፍጻሜው የቡድን ጓደኛዋ ካርሊ ሎይድ በ16 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አገባችና ጭብጨባው ሁሉ የእርሷ ሆነ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ፤ ከኋላ ተነሥቶ ቀድሞ በመድረሱ።

አሮጌ በረኛ፦
ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ስሜን ስላልጠራህ ተባረክ። የግቡ ነገር ቀልድ ነበር፣ እርሱን ትቼልሃለሁ፤ እኔም በረኛ ነበርሁ፣ አንድም ግብ አላገባሁም። ተረትህ ግን ራስህን ጠለፈህ። በሬው ምስጋናውን ተቀማ እንጂ ከስሶ አያውቅም። ያንተ በሬ በ2016 ከአራት ጓደኞቿ ጋር «ከወንዶቹ እኩል ይከፈለን» ብላ ለሥራ እኩልነት ኮሚሽን አቤት አለች። በ2019 ደግሞ በሴቶች ቀን 28 ሆነው የአሜሪካን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፍርድ ቤት አቆሙት።

ደርባባ፦
«በሬው ከስሶ አያውቅም»! ጋሼ፣ ይህን አስበው ነው የጻፉት? በሬው የማይከሰው አፍ ስላልተሰጠው ነው። ቢሰጠው የመጀመሪያው ክስ በገበሬው፣ ሁለተኛው በተረተኛው ላይ ነበር።

አሮጌ በረኛ፦
ስምሽ ደርባባ፣ ብዕርሽ ጅራፍ። በይ ፍሬ ነገሩን ስሚ። ፊፋ በ2018 ለወንዶቹ ዓለም ዋንጫ ያከፋፈለው 400 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመቱ ለሴቶቹ 30 ሚሊዮን። ገበያው ይህ ከሆነ «እኩል ክፈሉን» ብሎ መክሰስ ማንን መክሰስ ነው?

ሒሳብ ያዥዋ፦
ቁጥር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «በፍርድ ቤት ያገኘች» የሚለውን መጀመሪያ እናጥራው፤ በፍርድ ቤትማ ተሸነፉ! ሜይ 1 ቀን 2020 ዳኛ ጋሪ ክላውስነር የእኩል ክፍያውን ክስ ውድቅ አደረጉት። ገንዘቡ የመጣው በድርድር ነው። በፌብሩዋሪ 2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ በሜይ ደግሞ የወንዶቹም የሴቶቹም የተጫዋቾች ማኅበር ከዓለም ዋንጫ የሚገኘውን ሽልማት ደባልቀው እኩል የሚካፈሉበትን ውል ከፌዴሬሽኑ ጋር ተዋዋሉ። ያን ጊዜ የሴቶቹ ማኅበር ፕሬዝዳንት ማን ነበረች? ያቺው ዜሮ ግብ ያላት።

አሮጌ በረኛ፦
ልታርሚኝ መጥተሽ ረዳሽኝ። ዳኛው ለምን ውድቅ አደረጉት? ከ2015 እስከ 2019 ሲሰላ የሴቶቹ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 220,747 ዶላር፣ የወንዶቹ 212,639 ዶላር ስላገኘ ነው። ደግሞም በጨዋታ መከፈል ቀርቶባቸው ቋሚ ደመወዙን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከፈረሱ የበለጠ ገብስ የበላ በሬ ከሰሰ ማለት ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፦
ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን ጋሼ፣ በእነዚያ ዓመታት ሴቶቹ ሁለት የዓለም ዋንጫ ወሰዱ፤ ወንዶቹ ትሪኒዳድ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፈው የ2018ን በቴሌቪዥን ተመለከቱ። አንዱ ሹፌር ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ ሌላው መኪናው ተበላሽቶ ቤቱ ተኝቶ፣ ጠዋት ኪሳቸው ሲቆጠር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ይህን እኩል ክፍያ ብሎ የሚጠራ ሹፌር ካለ አምጡልኝ።

መሀል ሜዳ፦
ሁላችሁም ዳላስን ረሳችሁ። በ2017 ሴቶቹ እዚያ ከ15 ዓመት በታች ወንዶች ልጆች ጋር ገጥመው 5 ለ 2 ተሸነፉ። ሌላ ምንም አልልም።

ደርባባ፦
ሌላ ምንም ባይሉ ይሻላል። ለሩሲያው ጨዋታ ሲዘጋጁ ያደረጉት መለማመጃ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከኪሳችሁ የማይጠፋ አንድ ሳንቲም! ይህንኑ ሐሳብ የፌዴሬሽኑ ጠበቆች በማርች 2020 በሕግ ቋንቋ አሳምረው፣ የወንዶቹ ሥራ የላቀ ችሎታ ይጠይቃል ብለው ለፍርድ ቤት አቀረቡት። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ከጃፓን ጋር ሊጫወቱ ሲወጡ የማሟሟቂያ ልብሳቸውን ገልብጠው ለበሱ። የፌዴሬሽኑ ዓርማ ወደ ውስጥ ተደበቀ፤ ከላዩ ያሉት አራት ኮከቦች፣ የአራት ዓለም ዋንጫ ኮከቦች፣ ብቻ ታዩ። በማግስቱ ፕሬዝዳንቱ ካርሎስ ኮርዴይሮ ሥራቸውን ለቀቁ። እርስዎ ገና ዳላስ ነዎት።

መሀል ሜዳ፦
5 ለ 2።

የአርሊንግተን ልጅ፦
እባካችሁ ወደ ልጅቷ እንመለስ። ለብሔራዊ ቡድኑ መጀመሪያ የተሰለፈችው በጃንዋሪ 2008 ቻይና ውስጥ ከካናዳ ጋር ነው፤ በዚያው ቀን አፍንጫዋ ተሰበረ። በ2011 ዓለም ዋንጫ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበረች፤ ሬቸል ቡለር ከብራዚል ጋር በቀይ ካርድ ስትወጣ ነው የግማሽ ፍጻሜው በር የተከፈተላት። ፈረንሳይን 3 ለ 1 አሸነፉ፤ እርሷ ወደ ተቀያሪ ወንበሯ ተመለሰች፣ አላጉረመረመችም። በኦክቶበር 2022 ደግሞ በሴቶቹ ሊግ ስለ ደረሰው በደል የተጣራው ሪፖርት ሲወጣ፣ ተጫዋቾቹን ያልጠበቁ የክለብ ባለቤቶችና ኃላፊዎች በሙሉ ይሂዱ አለች። የምትጫወተው ለፖርትላንድ ክለብ ነበር፤ ፖርትላንድም በሪፖርቱ ውስጥ ነበረ። ደመወዝ የሚከፍላትን ቤት ማለት ነው!

አሮጌ በረኛ፦
ለዚህኛው እጅ ነሥቻለሁ፤ እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር። የውሉን ነገር ግን አትሸፍኑት። በ2022 ኳታር ላይ ወንዶቹ ከምድባቸው አልፈው 13 ሚሊዮን ዶላር አመጡ፤ ሴቶቹ እቤታቸው ቁጭ ብለው እኩሌታውን ወሰዱ። በዓመቱ እነርሱ በተራቸው ሄዱና በስዊድን በፍጹም ቅጣት ምት ተሰናበቱ። ወንዶቹ አረሱ፣ ፈረሷ በላች። ተረቱን ያመጣኸው አንተ ነህ።

ደርባባ፦
አሁን ደግሞ ሴቶቹ ፈረስ ሆኑ! እስከ ቅድም በሬ ነበሩ። በአንድ ቀን ሁለት እንስሳ አደረጓቸው፤ ሰው የሚሆኑት መቼ ነው? ደግሞ ቤኪ እግሯን ታምማ ለ2023ቱ እንኳን አልተመረጠችም።

ሒሳብ ያዥዋ፦
13 ሚሊዮኑን ካነሡት ይቺንም ይጻፉ። ሴቶቹ በ2015 ዋንጫውን ሲወስዱ ፊፋ የከፈለው 2 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ 4 ሚሊዮን ነው። ሁለት ጊዜ ዓለምን ማሸነፍ 6 ሚሊዮን፣ በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ በሆላንድ መሸነፍ 13 ሚሊዮን። ሚዛኑን የያዘውን ትተው ከበሬው ጋር ይጣላሉ?

አሮጌ በረኛ፦
ሚዛኑን የያዘው ፊፋ ከሆነ ፊፋን ይክሰሱ ነበራ! ፌዴሬሽኑ ምን አደረጋቸው?

ሒሳብ ያዥዋ፦
ከላይ የጻፍሁትን እንደገና ያንብቡ።

አሮጌ በረኛ፦
አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

መሀል ሜዳ፦
ለአሜሪካኖች ገንዘብ ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኛዋ ሎዛ አበራ ለዲሲ ፓወር የሴቶች ክለብ ልትጫወት እዚሁ ዋሽንግተን ስትመጣ ስንቶቻችሁ ትኬት ገዛችሁ? እኩል ክፍያ በቡና ላይ ቀላል ነው።

የአርሊንግተን ልጅ፦
እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።

ደርባባ፦
አንዱን ጊዜ ትኬቱን የገዛሁልህ እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልመለስህም።

የአርሊንግተን ልጅ፦
ይህ እዚህ ላይ የሚነሣ ነው?

አሮጌ በረኛ፦
ክሰሺው! ልማዱን አስተምረውሻል። እኔ ከቃሌ አልነሣም፤ በሬው ከስሶ አያውቅም።

ሒሳብ ያዥዋ፦
ከስሷል፣ ተሸንፏልም። ሜይ 1 ቀን 2020።