«ታሪኩን ነገርሽኝ፤ ያየሽው የት አለ?» ተብዬ ወረቀቴ ተመለሰ፣ እርዱኝ

ሰማያዊቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ከዋናው ትምህርቴ ውጪ የግድ ከምወስዳቸው ኮርሶች አንዱ የእይታ ጥበብ መግቢያ ነው። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ፎቶግራፍ፣ ትንሽ ትንሽም ሥነ ሕንፃ አለበት። ቀላል ነው ተብዬ ነበር የገባሁት።

የመጀመሪያው አሳይመንት አንድ ሥራ መርጠን በሁለት ገጽ መተንተን ነበር። እኔ የቫን ጎግን «በከዋክብት የደመቀ ሌሊት» መረጥኩ። ስለ ሰውየው ሕይወት፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለቆረጠው ጆሮው፣ ሥዕሉን በ1889 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብቶ እንደነበር፣ ብቻ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከ20 ያገኘሁት 9 ነው። ጠርዙ ላይ በቀይ የተጻፈው ርዕሱ ላይ ያያችሁት ነው።

የምር ግራ ገባኝ። ማየት ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚድ አለ። ስላይድ እያሳዩን የሠዓሊውን ስም፣ ርዕሱን፣ ዘመኑን፣ የተሠራበትን ነገር እንጽፋለን። 60 ሥራ ነው! እንዴት ነው የሚያዘው? እኔ ደግሞ መሳል የሚባል አልችልም።

የከሰል እርሳስ፦
አይዞሽ እህቴ። የመሳሉን ነገር ተዪው፣ መስመር ማስመር የማይችሉ ልጆች በዚህ ኮርስ ኤ ሲያመጡ አይቻለሁ። ያንቺ ችግር የመረጃ አይደለም። የጻፍሽውን ሁሉ ሥዕሉን አንዴም ሳታዪው መጻፍ ትችዪ ነበር፤ ቀዩ እስክሪብቶ የሚልሽ ይህንን ነው። ወረቀትሽን መልሰሽ አንብቢና በየዓረፍተ ነገሩ «ይሄ ሥዕሉ ላይ የቱ ጋ ይታያል?» በይ። ጣትሽን የምታሳርፊበት ቦታ ካጣሽ አውጪው።

መምህር ነበርኩ፦
ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። እንዳንቺ ያለ ወረቀት በየሴሚስተሩ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከታታሪ ልጆች ነው።

ያንኑ ሥዕል እንውሰድ። ሌላውን ሁሉ ዝጊና ሥዕሉን ብቻ አሥር ደቂቃ ሙሉ እዪው። ምንም አታንብቢ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለችሻል፣ ታገሺ። ከዚያ ያየሽውን ጻፊ። ሰማዩ ከሸራው ከግማሽ በላይ ይዟል። ቀለሙ ተስተካክሎ የተለቀለቀ አይደለም፤ ወፍራም፣ አጫጭር የብሩሽ ጭረቶች አንዱ አንዱን እየተከተለ ይጠመዘዛል፣ ስለዚህ ሰማዩ ዝም ብሎ የቆመ አይመስልም። ታች ያለው መንደር ግን ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ መስመራቸውም ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። በግራ በኩል አንድ ጥቁር የሚመስል ዛፍ ከታች ተነስቶ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይወጣል። ከምድር ወጥተው ሰማዩ ውስጥ የሚገቡት እሱና የቤተ ክርስቲያኑ ሹል ጫፍ ናቸው፤ ጫፉ ግን ከዛፉ ጎን ሲታይ ምንኛ ትንሽ ነው! ቢጫው ደግሞ በሰማያዊ ስለተከበበ ነው እንዲህ የሚያበራው።

እዚህ ድረስ መስመር፣ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ቦታ፣ ቅንብር ሁሉንም ነክተሻል፤ የመጽሐፉን ቃላት ገና ሳትጠቅሺ።

አሁን «ለምን?» በይ። የሚናወጥ ሰማይ ከተኛ መንደር በላይ ሲቀመጥ ምን ይሰማሻል? ታሪክ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ ይህ መንደር ከሠዓሊው ክፍል መስኮት አይታይም ነበር፣ ራሱ ነው የጨመረው። ብቻውን ቢጻፍ ተራ መረጃ ነው። መንደሩ ጸጥ ማለቱን ካሳየሽ በኋላ ስታመጪው ግን ጸጥታውን ሆን ብሎ ፈልጎታል ለማለት ማስረጃ ይሆንሻል። «ድንቅ ነው»፣ «ልብ ይነካል» የሚሉትን አጥፊያቸው። ልብ የነካሽ ምኑ እንደሆነ ጻፊ።

ሸራና ቀለም፦
መምህር ባሉት እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ታሪኩን ካላወቅሽ የማይከፈቱ ሥራዎች አሉ። የፒካሶን «ጌርኒካ» ተመልከቺ። በ1937 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራው፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የስፔኗ ጌርኒካ ከተማ ከአየር ከተደበደበች በኋላ። ይህን ሳታውቂም የሚጮህ ፈረስ፣ የሞተ ልጇን ያቀፈች እናት ታያለሽ። ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ መሆኑንም ታያለሽ። ታሪኩን ስታውቂ ግን ግራጫው ጋዜጣ ይመስልሻል፤ የፈረሱ ገላ ላይ ያሉት ትንንሽ ጭረቶችም የጋዜጣ ጽሑፍ ይመስላሉ። ስለዚህ ታሪክን አትፍሪው። ከዓይንሽ ቀድሞ አይግባ እንጂ።

ሦስተኛ ዓመት፦
ስለ ሚዱ እኔ ልመልስ። 60ውን እንደ ስልክ ቁጥር አትሸምድጃቸው፣ እኔ ሞክሬ ፈተናው ላይ ሁሉም ተደበላለቀብኝ። እያወዳደርሽ ያዢያቸው። ሦስቱን የዳዊት ሐውልቶች ውሰጂ። የዶናቴሎው ከነሐስ ነው፣ የጎልያድ ራስ እግሩ ሥር ወድቋል፣ ማለትም ውጊያው አልቋል። የማይክል አንጄሎው ከእብነ በረድ ነው፣ 1501 እስከ 1504፣ ወንጭፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጎን ያያል፣ ውጊያው ገና ነው። የበርኒኒው በ1623 እና 1624 የተሠራ ነው፣ ሰውነቱ ተጠማዞ ከንፈሩን ነክሶ ሊወነጭፍ ነው። በኋላ፣ በፊት፣ መሃል። አንዴ እንዲህ ካየሻቸው አይጠፉብሽም። ደግሞ ከቀደምት ህዳሴ ወደ ከፍተኛ ህዳሴ ከዚያም ወደ ባሮክ (ተከታታይ የአውሮፓ ጥበብ ዘመናት ናቸው) የተሄደበት መንገድ አብሮ ይያዝልሻል። ሐውልቱ እየቆየ ከቆመበት ተነስቶ መንቀሳቀስ ጀመረ በይ።

ካርድ ሥሪ። ፊቱ ላይ ምስሉ፣ ጀርባው ላይ ስም፣ ዘመን፣ ማቴሪያልና አንድ ያየሽው ነገር። አንድ ብቻ።

ፎቶ አንሺው፦
ሁለት ነገር ልንገርሽ። ስላይድ መጠንን ይደብቃል። «ሞና ሊዛ» 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት። «ጌርኒካ» 3.49 በ7.77 ሜትር ነው። ስክሪን ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ካርድሽ ላይ መጠኑን ጻፊና ክፍልሽ ግድግዳ ላይ በእጅሽ ለክተሽ አስቢው፣ ስሜቱ ይለወጣል።

ሌላው፣ የሥዕሉን ፎቶ ስልክሽ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ብርሃኑ የት እንደተሰበሰበ ወዲያው ይታይሻል። ብርሃንና ጨለማን በሚያፋጥጡት በካራቫጆና በሬምብራንት ሥዕሎች ላይ ይሄ በጣም ይሠራል። ጥሩ ምስል ከፈለግሽ ሙዚየሞች ራሳቸው ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ይለቃሉ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ለማንም ፈቅዷል፣ የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየምም እንደዚሁ። አጉልተሽ የብሩሹን ምልክት ማየት ትችያለሽ።

ሰማያዊቷ፦
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ያሉትን አደረግኩ። ሌላ ሥራ መረጥኩ፣ የጃፓናዊውን የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል»። አሥር ደቂቃ ሰዓት ይዤ አየሁት። እስቲ ይዩልኝ፦

«በግራ በኩል ያለው ማዕበል ከሁሉ በላይ ቆሟል። የአረፋው ጫፍ ጣት ወይም ጥፍር ይመስላል። ሥሩ ሦስት ጀልባዎች አሉ፣ ሰዎቹ አጎንብሰዋል፣ ፊታቸው አይለይም። ማዕበሉ የሚያስፈራና በጣም የሚያምር ነው። መሃል ላይ ከሩቅ ትንሽ ማዕበል ይታያል።»

መምህር ነበርኩ፦
ጎበዝ! ጥፍሩን ማየትሽ ደስ ብሎኛል፣ የጀልባዎቹን ሰዎችም። «የሚያስፈራና በጣም የሚያምር» የሚለውን አውጪው፣ ጥፍሩ ብቻውን ያስፈራል።

መሃል ላይ ያለችውን «ትንሽ ማዕበል» ግን እንደገና እያት።

ሰማያዊቷ፦
ኧረ! ተራራ ነው! ጫፉ ላይ ያለው ነጭ በረዶ ነው እንዴ? እኔ እኮ አረፋ መስሎኝ ነበር።

መምህር ነበርኩ፦
የጃፓኑ ፉጂ ተራራ ነው። ሥራው ፉጂን ከተለያየ ቦታ ከሚያሳዩ ተከታታይ ህትመቶች አንዱ ነው፣ 1831 ገደማ፣ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ። ስለዚህ ተራራው ዋናው ጉዳይ ነው፣ ግን ከማዕበሉ ሥር አሳንሶ አስቀመጠው። መሳሳትሽን አትሰርዢው። ሠዓሊው የበረዶውን ነጭና የአረፋውን ነጭ፣ የተራራውን ቅርጽና የማዕበሉን ቅርጽ ስላመሳሰላቸው ነው የተሳሳትሽው። ሁለተኛው አንቀጽሽ ከዚያ ይጀምር።

ሰማያዊቷ፦
እሺ መምህር። ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። መጠኑንም ለካሁት፣ 26 በ38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከደብተሬ ሁለት ገጽ ብዙም አይበልጥም፣ እኔ ግድግዳ የሚያክል መስሎኝ ነበር።

የከሰል እርሳስ፦
ይህንንም ጻፊው። ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ አስተማሪሽ ቢሮ በሚገኝበት ሰዓት ይዘሽው ሂጂና የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አሳዪ።