ባሕር ዳር ላይ ልጅ ለምትጠብቁ፦ ምኑን ከየት ትገዙ፣ ምኑን ጭራሽ ትተዉ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ቤቴ መጣች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኳን አውጥታ ልትገዛ ያሰበችውን ዝርዝር አሳየችኝ። 34 ዕቃ ቆጠርኩ። የጡጦ ማሞቂያ አለበት፣ ጋሪ አለበት፣ ሦስት ዓይነት ቅባት አለበት። «ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ሰው ሁሉ ይገዛ የለ እንዴ፣ እታለም?» አለችኝ። ቡና አፈላሁና ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እያየን ሰረዝን።

ሁለት ልጆች የወለድኩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። በመጀመሪያው ብዙ ብር አባክኛለሁ፤ በሁለተኛው ግማሹን እንኳ አላወጣሁም። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው። የብር መጠን አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንቱ ላይሠራ ይችላል። በብዛትና በዓይነት እናውራ።

መጀመሪያ ነጻ የሆነውን ውሰዱ

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ ሁሉም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒኑም፣ የልጁ ክትባትም እንደዚያው። ክትባቱ ልጁ እንደተወለደ ይጀምራል፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፣ የኩፍኙ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ክትትል ያደረግሁት በግል ክሊኒክ ነበር። በየቀጠሮው ካርድ፣ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ እያልኩ የከፈልኩት ገንዘብ ለልጁ የዓመት ልብስ ይበቃ ነበር። ለሁለተኛዋ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እኔ ያየሁት ልዩነት ወረፋው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደርስ እስከ 5 ሰዓት እጨርስ ነበር። ውሃና ቆሎ ይዞ መሄድ ነው። አሳሳቢ ነገር ካለ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኳችኋል። የአምቡላንሱን ስልክ አስቀድማችሁ ተቀብላችሁ ባልም፣ ጎረቤትም ስልኩ ላይ ይያዘው። ማታ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም።

ከተማችን ወባ አለባት። ስለዚህ ከአልጋ በፊት አጎበር አስቡ። ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ሥርጭት ካለ በነጻ ይደርሳችኋል። ከሌለ ግን ግዙ። ከዝርዝሩ ውስጥ «ይቅር» ብዬ የማልከራከርበት ዕቃ እሱ ነው።

ዳይፐር ወይስ የሽንት ጨርቅ?

ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ቢያንስ 8 ዳይፐር ይጨርሳል። በወር 240 ማለት ነው። እኔ ለሁለተኛዋ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታ 2 ዳይፐር ብቻ ነበር የማደርግላት። በወር 60 ዳይፐር ይበቃናል። ሩቡ ማለት ነው። ከቤት ስንወጣም ዳይፐር እናደርግላታለን፤ ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ።

የተዘጋጀ የጨርቅ ዳይፐር፣ ቁልፍና ላስቲክ ያለው፣ አሁን በየልጆች ልብስ ቤቱ አለ። ቆንጆ ነው። ግን ውድ ነው፤ ድርብርብ ስለሆነም ቶሎ አይደርቅም። ከሱ ሁለት ወይም ሦስት ገዝታችሁ ለመሸፈኛ ተጠቀሙበት። ውስጡ የሚታጠፈውን ጨርቅ ግን ራሳችሁ አሠሩት። ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ጨርቅ ካገኛችሁ 8 ሜትር ከ40 ላይ 24 ጨርቅ ይወጣላችኋል፣ እያንዳንዱ 70 በ70 ሳንቲም። ስለሚሰበሰብ 9 ሜትር ግዙ። ልብስ ሰፊ ዳር ዳሩን ብቻ ይመታላችኋል፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ጨርቁን ትልቁ ገበያ ግዙ። ቅዳሜ ምርጫው ይሰፋል፣ ግፊያው ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ባል ይላክ፣ ወይ በአዘቦት ቀን ሂዱ። «ጥጥ ነው» ያላችሁን ሁሉ አትመኑ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት እለኩስበታለሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ያለበት ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ጠጠር ያለ ነገር ይቋጥራል። አንድ ነጋዴ ይህን ሳደርግ አይቶ ሳቀና ከኋላ ሌላ ጥቅል አወጣልኝ። የወሰድኩት ያንን ነው።

አቡጀዴም ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ይበረክታል፣ መጀመሪያ ግን ይሻክራል። ማንኛውም አዲስ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተቀባው ነገር እስኪለቅ ውሃ አይመጥም። ሦስት ጊዜ እጠቡትና ከዚያ የውሃ ጠብታ አድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ደርሷል። ላዩ ላይ ከተንከባለለ ገና ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይገዛው ነው። ያረጀ ጋቢ፣ ያረጀ የጥጥ አንሶላ። የአማቴን አሮጌ ጋቢ ቀዳድደን ስምንት ጨርቅ አወጣንለት። ስንት ዓመት የታጠበ ስለሆነ ልጅቷን አንድም ቀን አላስቀላትም።

አጠባቡ ከባድ አይደለም። ካካውን ሽንት ቤት አራግፉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በደረቅ ሳሙና እሹ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ሦስቴ አለቅልቁ። በረኪና አታስነኩ፤ የልጅ ገላ ያቃጥላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጠዋት የሰጣችሁት ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ውለታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ይሸታልም። ክረምት ላይ የምትወልዱ ወይ ጨርቁን ወደ 36 አሳድጉት፣ ወይ ለሁለቱ ወር ዳይፐሩን ጨምሩ። ካውያ አድርጉበት፤ የቀረውን እርጥበት ይጨርሰዋል።

እውነቱን ለመናገር ጨርቅ ለሁሉም ሰው አያዋጣም። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነና በርሜል ከሌላችሁ፣ ወይም ለአጣቢ በየቀኑ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ውሃ ተገዝቶ የሚታጠብ ጨርቅ ከዳይፐር ሊወደድ ይችላል።

ዳይፐሩን ከየት?

የሰፈር ሱቅ በፍሬ ይሸጣል። ለአንድ ሌሊት ጭንቅ ያወጣል፣ በሒሳብ ግን ከሁሉ ውዱ ነው። ፋርማሲና ሱፐርማርኬት እሽጉ ደህና ነው፣ ዋጋቸው ይጨምራል። የሚያዋጣው ገበያው አካባቢ ያሉት ጅምላ ሻጮች ጋ ካርቶን መግዛት ነው። አንድ ካርቶን ለአንድ ቤት ብዙ ነው። ክትትል ላይ የተዋወቃችኋቸው እናቶች ይኖራሉ፤ ሦስት ሆናችሁ ተካፈሉት። እኛ እንዲህ አድርገን ነው የጨረስነው፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆነናል።

ዋጋ ስታወዳድሩ እሽጉን በእሽጉ አታወዳድሩ። አንዱ ውስጥ 28፣ ሌላው ውስጥ 40 ሊኖር ይችላል። ብሩን ለፍሬው አካፍሉት። ቁጥር 1ን ደግሞ ከአንድ እሽግ በላይ አትግዙ። እኔ ለመጀመሪያው ልጄ «በቅናሽ ነው» ብለውኝ አምስት እሽግ ቁጥር 1 ተሸክሜ ገባሁ። ልጁ 3 ኪሎ ከ700 ተወለደ፤ አምስት ሳምንት ሳይሞላው ጭኑን እያሰረው መጣ። ሱቁ አልቀይርም አለኝ። ሁለቱን እሽግ ለጎረቤት ሰጠሁ።

በላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን፣ ስምም ቀንም የሌለውን ዳይፐር በተመለከተ፦ ርካሽነቱ እውነት ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ከረጢት ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ግማሹ ማጣበቂያው አይዝም፣ ውስጡ ይበጣጠሳል፣ ልጁም ብሽሽቱ ተላጠ። ለሦስት ቀን ሲነካ ይጮህ ነበር። ለቅባቱ ያወጣሁት ካተረፍኩት በለጠ። ከዚያ በኋላ አልገዛሁም።

የእርጥብ መጥረጊያ ሶፍቱን ለመንገድ ብቻ ያዙ። ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ቁራጭ ጨርቅ ይሻላል። ቅባት አንድ ቫዝሊን ይበቃል። ፓውደር አያስፈልግም፤ ብናኙ የሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ልብስ

ሳይወለድ ልብስ አይገዛም የሚሉ እናቶች አሉን። አማቴም እንደዚያው ናቸው። ተከራክሬያቸው አላውቅም፤ በኪስም በኩል ትክክል ናቸው። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ግማሹ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ያውም አብዛኛው የሦስት ወር ልክ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስድስት ቱታ ወይም ካናቴራ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ሦስት ካልሲ፣ ሁለት ማቀፊያ ይበቃችኋል። ከተማችን ደግሞ ሙቀት ናት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ልጅ በሱፍ ጠቅልለው ላብ በላብ የሚያደርጉትን ሳይ አንጀቴ ይበላል።

ሰልቫጅ ከአዲሱ የተሻለ ጥጥ አለው፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ነው። ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ ድረሱ። ብብቱንና የአንገቱን ስፌት ወደ ውጭ ገልብጣችሁ እዩ፣ ቁልፎቹን ጎትቱ፤ ላላ ያለ ቁልፍ ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። ቤት ስትገቡ በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ተኩሱ። አዲስ ልብስ ቤቶቹ ለክርስትና ልብስ ይሆናሉ። ከነሱ ሌላ ነገር የገዛሁ አይመስለኝም።

ከዘመድ መቀበልን አትናቁ። ልጅ አንዱን ቱታ ስንቴ ይለብሰዋል? ሳያልቅ ይጠበዋል። ማቀፊያ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሸማኔ ጋ ትንሽ ጋቢ አሠሩ። ለጉብኝት የሚሄድላችሁ ካለም ፎገራ ያለው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የሸመነውን ጥጥ ይዞላችሁ ይምጣ። የእኔ ልጅ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ ያኔ የታቀፈችበትን እስከ ዛሬ ለብሳው ትተኛለች።

«ምን ላምጣልሽ?» ለሚላችሁ ሰው «ምንም» አትበሉ። ዳይፐር ቁጥር 3፣ አጃ፣ ተልባ፣ ማር በሉ። ነውር የለውም፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

ወተትና ምግብ

ጡጦና የጣሳ ወተት «ለክፉ ቀን» ብላችሁ አስቀድማችሁ አትግዙ። ቤት ውስጥ ካለ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እጅ ወደሱ ይሄዳል። 400 ግራሙ ጣሳ ለሁለት ወር ልጅ ከአራት ቀን ብዙም አያልፍም፤ የወሩን አስሉት። ጡት አልይዝ ካለ ወይም ጫፉ ከቆሰለ አዋላጅ ነርሷ ጋ ሂዱና «አያያዙን አሳዪኝ» በሏት። እኔን አስር ደቂቃ ነው የፈጀባት። የልጁን አገጭ ወደ ጡቴ አስጠጋችልኝ፣ አፉ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክፍል እንዲጎርስ አደረገችልኝ፣ ሕመሙ ቆመ። በጤና ምክንያት ሐኪም ካዘዘው ግን የጣሳ ወተት ነውር አይደለም።

የተረፈውን ብር በእናቲቱ ምግብ ላይ አውሉት። ጣና አጠገባችን እያለ ዓሣ ለመግዛት መሰሰት አይገባም። ቀረሶውን ጠዋት ከሐይቁ ሲወጣ ግዙ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንፈጡ ቀይ የሆነ ነው ትኩሱ።

6 ወር ሲሞላው በየሱፐርማርኬቱ ያለውን የውጭ አገር የሕፃን ገንፎ ከማየታችሁ በፊት ምጥን አዘጋጁ። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እኔ ጤፍና ገብስ ከሽምብራ ጋር ነው። መልቀም፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ለየብቻ መቁላት፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት። በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ቀጥሎ እንዳይሆን ግን ጠይቁ። በትንሽ በትንሹ አስፈጩ፤ ሲቆይ ይነቅዛል።

ጋሪ፣ አልጋ፣ ገንዳ

ጋሪው በዘንባባው ጥላ ሥር፣ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ሲገፋ ያምራል። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ግን ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ልጁም ይነቃል። ማዘያ ግዙ፤ ሁለት እጃችሁን ነጻ ያደርጋል። አልጋውን ከፈለጋችሁ አናጢ ጋ አሠሩ፣ የበትሮቹ ክፍተት ከ6 ሳንቲም አይብለጥ በሉት። የሕፃን ገንዳ የሚባለው ከሳፋ ምን እንደሚለየው እስከ አሁን አልገባኝም።

ከአጎቴ ልጅ ዝርዝር 11 ዕቃ ቀረ። በማግሥቱ ሁለታችን ወጥተን ሳፋውን ገዛን፣ ትልቁን፣ ለሁለት ዓመት የሚሆናትን። የእኔን 24 ጨርቅም በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። ሁለቱ ብቻ ናቸው የተቀደዱት።