የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ በሴሉሎስ የተጠናከረ የስታርች ፕላስቲክ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ዋና ዓላማውን «የገበያ ፌስታልን መተካት» ይላል። አስተያየታችሁን ጻፉ፤ በጀቱን ለጊዜው እንተወው።

የፖሊመር ባለሙያ፦ በዓላማው አልስማማም። ስታርች ከግሊሰሪንና ከጥቂት ውሃ ጋር ሲሞቅና ሲታሽ ቅንጣቶቹ ፈርሰው እንደ ፕላስቲክ የሚቀረጽ ነገር ይወጣል። ነገር ግን ውሃ ይወዳል። እርጥበት ሲያገኘው ይልፈሰፈሳል፤ ሲከርም ደግሞ የስታርቹ ሰንሰለቶች መልሰው ስለሚደራጁ ይገርርና ይሰባበራል። ስታርችም ማጠናከሪያው ሴሉሎስም (የዕፅዋት ቃጫ ዋና ክፍል) ከግሉኮስ የተሠሩ ስለሆኑ በሃይድሮጅን ትስስር አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሴሉሎስ ግን ራሱም ውሃ ይስባል። እርጥብ ዕቃ የያዘ ፌስታል መንገድ ላይ ቢቀደድ ምን ልንል ነው?

የግብርና ባለሙያ፦ የችግኝ ከረጢት ቢሆንስ? አፈር ውስጥ መበስበሱ ጥቅም ነው።

የፖሊመር ባለሙያ፦ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በየጊዜው ውሃ ይጠጣል። ሳይተከል ይፈርሳል።

የግብርና ባለሙያ፦ ልክ ነህ። እንግዲያው የዘር ጥብጣብ እንሥራ። ዘሩ በተመጠነ ርቀት ተጣብቆበት በደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ ከተቀበረ በኋላ የምንፈልገው ቶሎ መራሱንና መፍረሱን ነው። ውሃ መውደዱ እዚህ ጋ ይጠቅመናል።

ሰብሳቢ፦ ይሄ ይሻላል። ተቃውሞ ከሌለ ዓላማው ይቀየር።

የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ ተቃውሞ የለኝም፤ የሙከራው ክፍል ግን ይስተካከል። በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት ብቻ የተለካ ጥንካሬ አያሳምነኝም፤ በ75 በመቶም ይለካ። ሴሉሎሱን ከገለባ እናወጣለን ብላችኋል፤ ደርቆ ከተጨመረ ስለሚጓጉል እርጥቡን ከስታርቹ ጋር እናዋህደው። ሴሉሎሱን ለማውጣት የምንጠቀምበት የኮስቲክ ሶዳ ቅሪትም በደንብ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ዘሩን ይጎዳል።

«ኢኤን 13432ን ያሟላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይውጣ። ይህ ለሚበሰብሱ ማሸጊያዎች የወጣ የአውሮፓ መስፈርት በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ይጠይቃል፤ ፈተናው ግን 58 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ የብስባሽ ክምር ነው የሚካሄደው። የእርሻ አፈር እንዲህ አይሞቅም። ለእኛ የሚስማማው መበስበስን በአፈር ውስጥ የሚለካው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 17556 ነው።

የፖሊመር ባለሙያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጥብጣቡ መጋዘን ውስጥ ከአየር እርጥበት ከሳበ ዘሩ ሊሻግት ይችላል። ከክምችት በኋላ የብቅለት መጠን ይለካ፤ ያለ ጥብጣብ ከተቀመጠ ዘር ጋርም ይነጻጸር።

ሰብሳቢ፦ ይህን አንተው ጻፈው። የማሳው ሙከራ ለግብርና ባለሙያው፣ የአፈሩ ፈተና ለላቦራቶሪው። የፌስታሉን አንቀጽ ዛሬውኑ እሰርዛለሁ።