በአይብ የሚሠራ ኞኪ አንዴ ይፈርስብኛል፣ አንዴ ይጠነክርብኛል

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት እየገባ በሪኮታ (ለስላሳ የጣሊያን አይብ) የተሠራ ኞኪ (ተቀቅሎ በቅቤ ወይም በሱጎ የሚቀርብ ትንንሽ የሊጥ ድብልብል) ይበላና፣ ወደ ሐዋሳ ሲመለስ ስለ ልስላሴው አውርቶ አይጠግብም። የድንቹን ኞኪ ሠርቼ ስለማውቅ ይህም አያቅተኝም ብዬ ገባሁበት፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ አፈርሁ። ሪኮታ በአቅራቢያዬ ስላላገኘሁ ከገበያ የገዛሁትን ግማሽ ኪሎ የሀገራችንን አይብ ከሁለት እንቁላልና ከአንድ የውሃ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት ጋር ደባለቅሁ። በመጀመሪያው ቀን ሊጡ እጄ ላይ እየተጣበቀ ቢያስቸግረኝም እንደ ምንም አድቦልቡዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርሁት፤ ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው እንደ ወተት ነጣ፣ ድስቱ ሥር የቀረውም ቅንጬ የሚመስል ፍርፋሪ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሊጡ ከእጄ እስኪላቀቅ ድረስ ዱቄት እየጨመርሁ ስላሸሁት ሦስት ብርጭቆ ያህል ፈጀ። ቅርጹን ይዞ በሰለ፤ ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጄ አንዱን አኝኮ አኝኮ ሲሰለቸው «እማዬ፣ ይዋጣል ወይስ እንደ ማስቲካ ይተፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የአይቡ ነው ወይስ የእኔ? በሹካ የሚወጣለት መስመርስ ለጌጥ ብቻ ነው? የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለ ወንፊት (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። እዚህ አዳማ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የገለጹትንም ሁለቱንም ዓይነት ውድቀት በእጄ አይቼዋለሁ። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ እሱም አይቡ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ውሃው ሊጡን አፈረሰው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ያንኑ ውሃ ለማሸነፍ ሲሉ የጨመሩት ዱቄት ኞኪውን ወደ ዳቦነት ወሰደው። ስለዚህ ስለ ዱቄቱ ከማሰብዎ በፊት አይቡን በንጹሕ ነጠላ ቋጥረው፣ ወንፊት ላይ አስቀምጠውና ሳህን ጭነውበት ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። በእኛ ሙቀት ውጭ ማሳደር ማለት ጠዋት የኮመጠጠ አይብ ማግኘት ነው። በማግሥቱ ጥቂቱን በሶፍት ላይ አድርገው በጣትዎ ይጫኑት፤ ሶፍቱ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ከቀረ ደርሷል፣ እርጥበቱ ክብ ሠርቶ ከተስፋፋ ግን ገና ነው።

አይብና ሪኮታ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። ሪኮታ በጣሊያንኛ «ዳግም የበሰለ» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ሌላ አይብ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አጓት እንደገና ሞቆ ስለሚሠራ ነው። የእኛ አይብ ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ አነስተኛ፣ ፍርፋሪውም ሻካራ ነው። ለልስላሴው ከተጨነቁ ከሙሉ ወተት ራስዎ ቢያወጡት ይሻላል፤ ጣሊያኖች ይህን ሪኮታ ለማለት ሊያቅማሙ ቢችሉም፣ ኞኪ ከሆነ በኋላ ልዩነቱን የሚለይ ተመጋቢ እስካሁን አልገጠመኝም። 2 ሊትር ወተት በጥቂት ጨው ወፍራም ድስት ውስጥ እያማሰሉ ያሙቁ። የሚፈለገው ሙቀት ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከተሞቻችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ባይኖርዎትም ወተቱ ዳር ዳሩን አረፋ አውጥቶ ሊገነፍል ሲል እሳቱን ያጥፉ። ወዲያው 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያማስሉት፣ ከዚያም ከድነው ለ15 ደቂቃ ይተዉት። ብዙ ካማሰሉት ፍርፋሪው ይደቅና ይደርቃል። አጓቱ ጠርቶ ወደ አረንጓዴነት ካላደላ አንድ ማንኪያ ሎሚ ይድገሙ። ከዚህ ተጠልሎ ወደ 400 ግራም የሚጠጋ ለስላሳ አይብ ይገኛል።

ለዚህ ልክ 1 እንቁላል፣ 40 ግራም የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ ወይም ሌላ ደረቅ ፎርማጆ፣ ጨው፣ በጣት ቆንጠር የተደረገ ገውዝ እና ከ80 እስከ 100 ግራም ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። እርስዎ በሁለተኛው ቀን የጨመሩት ከዚህ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዱቄቱን በሹካ እየገለበጡ ነጭነቱ እስኪጠፋ ብቻ ይደባልቁት እንጂ አይሹት፤ ስንዴ ሲታሽ ውስጡ ያለው ግሉተን እንደ ክር ይያያዛል፤ ዳቦን የሚያስመሰግነው ይኸው ክር ነው ኞኪውን ማስቲካ የሚያደርገው። ሊጡ በትንሹ ሊጣበቅ ይገባዋል፤ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካረፈ በኋላ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ በአውራ ጣት ውፍረት አንከባለው ይቁረጡት።

ሁሉንም ከመቁረጥዎ በፊት ግን አንዲት ፍሬ ብቻ ቀቅለው ይሞክሩ። ጨው የገባበት ውሃ እየተንደቀደቀ ሳይሆን ቀስ ብሎ እየፈላ ይሁን፤ ፍሬዋ ከተንሳፈፈች በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቀው ያውጧት። ከተበተነች አንድ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ፤ ከያዘች አንዲት ቅንጣት እንኳ አይጨምሩ። የሹካው መስመር ሱጎውን እንዲይዝ ነው የሚወጣው፤ እንዲህ ላለው ለስላሳ ሊጥ ግን ግዴታ አይደለም፣ እኔም ትቼዋለሁ።

የጓዳ ሰው (ሐዋሳ)

ወንድማችን ስለ ውሃው የተናገሩት ትክክል ነው፤ በአይባችን ላይ የሰጡት ፍርድ ግን ትንሽ የከበደ መሰለኝ። እኔ ከገበያ አይብ ነው የምሠራው። ስገዛ ቆንጥሬ እቀምሰዋለሁ፤ ምላስ የሚቆነጥጥ ከሆነ ለክትፎ እንጂ ለኞኪ አልወስደውም። ውሃውን አሳድሬ ካስወጣሁ በኋላ በማንኪያ ጀርባ እየጫንሁ ሁለት ጊዜ በወንፊት አሳልፈዋለሁ፤ በሁለተኛው ዙር ከወንፊቱ ሥር እንደ ክር እየሆነ ሲወርድ ሻካራነቱ መሄዱ ይታወቃል። የጎደለውን ስብ ለመተካት ለግማሽ ኪሎ አይብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለሰለሰ የገበታ ቅቤና አንድ ተጨማሪ የእንቁላል አስኳል እጨምራለሁ።

አንድ ጊዜ ስንዴ የማይስማማት እንግዳ ብትመጣብኝ በዱቄቱ ፋንታ ደረቅ ቡላ አደረግሁ። ቡላ ግሉተን ስለሌለው አይጠነክርም ብዬ ነበር፤ በእርግጥም አልጠነከረም፣ ነገር ግን ላዩ እንደ ቡላ ገንፎ ስለ ተሙለጨለጨ ከሹካ ላይ እያመለጠ አስቸገረን። ከዚህ ይልቅ የምመክረው ቆስጣ ነው። ቀቅለው፣ እስኪደርቅ ጨምቀውና አድቅቀው ከአይቡ ጋር ቢደባልቁት፣ በጣሊያን የቶስካና ሰዎች ከስፒናች ጋር የሚሠሩትንና ኙዲ የሚሉትን ምግብ የሚመስል ይሆንልዎታል። ኙዲ «እርቃናቸውን የሆኑ» ማለት ነው፤ የራቪዮሊ (ውስጡ በአይብ ወይም በሌላ ነገር የሚሞላ ፓስታ) መሙያ ያለ ልብሱ ቀረበ ለማለት ይመስላል። አይብን ከጎመን ጋር ለለመደ ሰው ጣዕሙ እንግዳ አይሆንበትም።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት ከ2 ሊትር ወተት አውጥቼ ሠራሁት። የመጀመሪያዋ የሙከራ ፍሬ ጠርዟ ላይ ስለ ተሰነጠቀች አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨመርሁ፤ ሁለተኛዋ ደህና ወጣች። በለጋ ቅቤና በበሶብላ ብቻ አቀረብሁት፤ ልጄ አሥራ አንድ ፍሬ እየቆጠረ በላ፣ ባለቤቴም ከአዲስ አበባው ጋር ማወዳደሩን ለጊዜው ትቷል። የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እንግዳ ሲኖር ከዋዜማው ሠርቶ ማሳደር ይቻላል?

ባለ ወንፊት (አዳማ)

እንኳን ተሳካልዎ። ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ካሳደሩት እርጥበት አውጥቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድረው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ እንደ ጠጠር ሲሆን ወደ ፌስታል ይገልብጡት። ሲፈልጉ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደሚፈላው ውሃ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይጨምሩት፤ አንድ ላይ ከጨመሩት ውሃው ይቀዘቅዝና ዳግም እስኪፈላ ድረስ ይፈርሳል። በቅቤ ያቀረቡት መልካም አድርገዋል። ሱጎ ካማረዎት ግን ቲማቲሙ በደንብ ይብሰል፣ ሥጋም አይግባበት፤ የሥጋ ሱጎ ለፓስታ እንጂ ለዚህ ይከብደዋል። የተረፈውን አጓት ደግሞ አይድፉት፤ በውሃ ፋንታ ዳቦ ያቡኩበት።